ሰው ከሆነ ይደግማል

ደሴ ውስጥ ሰው መሞቱን ከራሱ ከሟቹ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ሄጄ ስነግራቸው አብዛኞቹ ይቆጣሉ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዷ ሴትዮማ «ቆይ ወጡን ላውርድና በደንብ ንገሪኝ» ብላኝ ገባች።

ስሜ ሉባባ ነው፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያየን፤ እሱም አልለመነኝ፣ እኔም አልለመንኩት። አሁን የሽው አድራሻ አረጋጋጭ ነኝ። ሽው ነፃ ፖስታ ነው። ነፃ ስለሆነ ማንም እምቢ አላለም፤ ማንም እምቢ ስላላለ ደግሞ ዛሬ ያለ ሽው ዳቦ እንኳን አይገኝም። ዳቦ ቤቱ «ተራሽ ደርሷል» የሚለው በሽው ነው። ሐኪሙም፣ ቀበሌውም በሽው ነው። ሽማግሌ ለጋብቻ የሚላከውም በሽው ነው፤ እምቢታውም የሚመለሰው በዚያው ነው። እናቴ ጓዳ ሆና ሳሎን ለተቀመጥኩት ለእኔ እራት መቅረቡን የምትነግረኝ በሽው ነው። ስም ጠርቶ መጮህ የባለጌ ሥራ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ልጆች እንኳን ኳስ ሲጫወቱ «አቀብለኝ» የሚሉት በሽው ነው፤ መልእክቱ ሲደርስ ኳሱ አልፏል።

መስከረም በመጣ ቁጥር ሽው ይጣራል። በየሰው በር ራስ ላይ ጆሮ አለች፤ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነጭ ነገር። እሷ ባለቤቱን በስሙ ትጠራዋለች፣ ማር በተቀባ ድምፅ። ሰውየው በገዛ አፉ «አቤት» ይላል። መብራቷ አረንጓዴ ትሆናለች፤ በቃ፣ ለዓመት ሕያው ነው። ዝም ካለ ሻይ ውስጥ ስኳር እስኪሟሟ ያህል በቢጫ ትጠብቀውና ትቀላለች። ከቀላች አድራሻው ሙት ነው። ለሙት የተላከ ሁሉ ተመላሽ ይሆናል። ዘመዶቹም «ሽው በሐዘናችሁ ጊዜ ከጎናችሁ ነው» የሚል ይደርሳቸዋል፣ ከአበባ ሥዕል ጋር።

ሽው እንዲህ የሚጨነቀው ፈርቶ ነው። የሌላ አገር ፖስታዎች ሽው ብዙ ሙት ተሸክሞ ካዩት፣ እሱ የሚልከውን በሙሉ ገለባ ውስጥ ይደፉታል። ገለባ ማለት ማንም ከፍቶ የማያየው መልእክት የሚጣልበት ጉድጓድ ነው። ለፎቅም ለሰፈርም ያው ነው፤ አንድ ፎቅ ውስጥ ሙት ሲበዛ የፎቁ ስም ይጎድፋል፣ የሕያዋኑም መልእክት አብሮ ገለባ ይገባል።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምመጣው። ማንቂያ የሚባል ዕቃ ይዤ በር ለበር እዞራለሁ። ለአንድ ሙት አንድ ድጋሚ ጥሪ ይፈቀዳል። ማንቂያውን ስጫን ጆሮዋ አንዴ ትጠራለች። ከመለሰ ተነሣ፤ ካልመለሰ እስከ መጪው መስከረም በሰላም ይረፍ። ሁለቴ መጫን የለም። የታችኛው ጣቢያ ልጆች አምና አዝነው ሁለት ሦስቴ እየተጫኑ ጣቢያው በሙሉ «ለፍላፊ» ተባለና አንድ ክረምት ሙሉ የላኩት ሁሉ ገለባ ገባ። አንደኛዋ የሠርጓን ጥሪ ልካ ሙሽራው እንኳን አልመጣም።

ሥራዬን ግን እወደዋለሁ። ሰው ምን የማያደርገው አለ። አንድ ቤተሰብ የሞቱ አያታቸው አድራሻ እንዳይዘጋ በቀቀን በሽማግሌ ድምፅ «አቤት» ማለት አስተምረው አገኘሁ። ዓመት ሙሉ አያትየው በሕይወት ነበሩ፤ ዳቦም መድኃኒትም ይመጣላቸው ነበር። የደረስኩባቸው ቤት ገብቼ «ጤና ይስጥልኝ» ስል በቀቀኑ ከጓዳ «አቤት» ስላለኝ ነው።

ያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ጣቢያችን ስገባ አለቃዬ እትዬ ሶልያና ቆሎ እየቆረጠሙ ነበር። ሲጨነቁ ቆሎ ነው የሚቆረጥሙት።

«ሉቢ፣ ወፍ ገደሎች አለቁልሽ» አሉኝ።

«ምን ሆነው?»

«ሽው ሲጠራ አንድም ሽማግሌ፣ አንዲትም አሮጊት አቤት አላለም። ፎቁ ውስጥ ፀጉሩ የሸበተ ሁሉ ሙት ነው።»

«በሽታ ገብቶ ነው?»

«ምን በሽታ። ትናንት ገበያ አየኋቸው፣ ቲማቲም እያገላበጡ ይከራከራሉ።»

ወፍ ገደሎች የምንላቸው ወፍ ገደል ከሚባል ገጠር የመጡ ሰዎች ናቸው። ከዓመታት በፊት ዝናቡ ገደላቸውን ከነቤቱ ሲንደው ከተማ ገቡ፤ ጦሳ ተራራ ሥር ያለው ረጅም ፎቅ የተሰጣቸው ግን ዘንድሮ ነው። አምና ጆሮ ያልተሰቀለበት ሌላ ፎቅ ነበሩ፤ ያኔ ሽው በጽሑፍ ነበር የሚጠይቃቸው፣ ልጆቻቸው ይመልሱላቸው ነበር። በድምፅ ሲጠራቸው ዘንድሮ የመጀመሪያው ነው።

እትዬ ሶልያና ቆሎውን አስቀመጡ። «አሁን ስሚኝ። መጀመሪያ ሰባተኛ ፎቅ ውጪ። ሚኪያስ የሚባሉ ሰውዬ አሉ። ነገ ጠዋት የኩላሊት ማሽን ተራቸው ነው። ክሊኒኩ ተራውን የሚልከው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ተመላሽ ከሆነበት ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። እሳቸው ደግሞ አንድ ተራ ካለፋቸው ሁለተኛውን አይደርሱበትም።»

«በእግራቸው ሄደው፣ አለሁ፣ አልሞትኩም፣ ቢሏቸውስ?»

«ለማን? የክሊኒኩ በር ላይ ያለችው ጆሮ ናት።»

ደስ አለኝ። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገጥምም። አንድ ፎቅ ሙሉ ሕዝብ ቲማቲም እየገዛ ሞቶ። እየሮጥኩ ነው የሄድኩት።

የድሮ ሰዎች ስም ሁልጊዜ ያስቀኛል። ሚኪያስ፣ ሜሮን፣ ናሆም፣ ሶስና። ገና ስትሰሙት ምርኩዝ ይዞ የሚመጣ ስም ነው። የእኛ ዕድሜ ልጆች ሉባባ፣ ይመር፣ ጥሩነሽ ነው ስማችን፤ ወቅቱን የጠበቀ።

ሰባተኛ ፎቅ ስደርስ ጎን ለጎን ሁለት በር አለ። አንዱ ዝግ ነው፣ ሚኪያስ ይላል። ሌላው ክፍት ነው፤ ደፉ ላይ አንዲት ደርባባ ባልቴት ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። በራቸው ላይ ሜሮን ይላል፣ ጆሮዋም ቀልታለች። መጀመሪያ ሚኪያስ ጋ ሂጂ ተብያለሁ። እኔ ግን በእሳቸው እጄን ላፍታታ አልኩ።

«እማማ ሜሮን እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«አሁን ጆሮዋ ትጠራዎታለች። እርስዎ አቤት ይላሉ። ሌላ ምንም የለም። እሺ?»

«እስቲ ትጥራኝ።»

ይህን እሺታ ነው ብዬ ተጫንኩት።

«ሜሮን» አለች ጆሮዋ፣ ማሯ እየተንጠባጠበ።

እማማ ሜሮን ዓይን ዓይኔን እያዩ አንድ ጠጠር ከምስሩ አወጡ። መብራቷ ቢጫ ሆነች።

«እማማ፣ ይበሉ።»

ዝም።

«እማማ፣ አፍዎን ይክፈቱ፣ አንዲት ቃል ናት።»

ሌላ ጠጠር። ጆሮዋ ቀላች። እጄ ላይ ማንቂያው «ተጠናቀቀ» አለ።

«ሞቱ» አልኳቸው።

«አሁን?»

«አሁን። እስከ መጪው መስከረም።»

«እንግዲህ ነፍሴን ይማር» አሉና ምስራቸውን አበጠሩ።

ላለቅስም ልስቅም ምንም አልቀረኝ። ሰው ዓይኔ እያየ እጄ ላይ አልቆ አያውቅም። «ሰው አቤት ለማለት ምን ያስከፍለዋል? ለምንድን ነው ዝም ያሉት?»

«አንዴ ነዋ የጠራኝ።»

«የሚጠራው አንዴ ነው።»

«አንዴ የሚጠራው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ወንፊቱን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «ጅብ ነው።»

ከዚያ ነገሩኝ። ወፍ ገደል ላይ ከዚህ ማዶ እዚያ ማዶ ሰው የሚገናኘው በጩኸት ነበር። ስም ተጠርቶ፣ ጉዳይ ተነግሮ፣ መልስ ተሰጥቶ። ጅቡ ደግሞ ሥር ተኝቶ ይሰማል። ስም ይማራል። ሲመሻሽ ቤት ጀርባ ይመጣና የሰውን ስም አሳምሮ ይጠራል። ግን አንዴ ብቻ ነው። መድገም አይችልም፣ ሲደግም ድምፁ ጅብ ይሆንበታል። ለመጀመሪያው ጥሪ አቤት ብሎ የወጣ ሰው አልተመለሰም።

«ለዚህ ነው እኛ፣ ሰው ከሆነ ይደግማል፣ የምንለው» አሉ። «ልጅ ጡት ሳይጥል የሚማራት እሷን ነው። ያንቺ ሽው ስንቴ ይጠራል?»

«አንዴ።»

«እህ» አሉ፣ እኔ ራሴ እንደፈረድኩ ሁሉ።

ጣቢያ ውስጥ ማንም ያላወቀውን አወቅኩ። ሽው በየቤታቸው ጅብ ልኮ፣ ለጅቡ አቤት አላላችሁም ብሎ ገደላቸው። ማንቂያው ግን ሁለቴ አይጫንም። ከተጫንኩ ጣቢያችን ለፍላፊ ነው፤ ለፍላፊ ከሆነ እኔ ያረጋገጥኩት ሁሉ፣ የአባባ ሚኪያስ አረንጓዴም ጭምር፣ ገለባ ነው።

አባባ ሚኪያስን አንኳኳሁ። ከፈቱልኝ። እግራቸው አብጦ ነጠላ ጫማቸው ውስጥ አልገባ ብሏል፣ ፊታቸው አመድማ ነው። ግን ሳቂታ ናቸው።

«ልትቀብሪኝ ነው የመጣሽ?»

«ላስነሣዎት ነው። አባባ፣ እርስዎም ጅብ ነው ይላሉ?»

«እኔ?» ወደ በሩ ራስ ጠቆሙኝ። «ልጄ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ እኮ። የዚህን ከተማ ግማሹን ጆሮ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ምን እንደሆነች ከማንም በላይ አውቃታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አቤት አላሉም?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። «ልል ነበር። ቀኑን ሙሉ ስለማመድ ነው የዋልኩት። አቤት፣ አቤት፣ አቤት እያልኩ። ስትጠራኝ ግን አፌ ተዘጋ። ከንፈሬን በእጄ ላላቅቀው ምንም አልቀረኝ።» ያበጠ እግራቸውን ዘረጉና «ናታን የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ» አሉ። «አብረን እሳት ዳር ተቀምጠን ነበር። ከውጭ ስሙ ተጠራ፣ አንዴ። አቤት ብሎ ወጣ። በቃ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አፌ እኔን አይሰማኝም።»

ይህን እየሰማሁ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። እኔ ቀልድ ሳጣ ብርቅ ነው።

«ሰው ቢደግምልዎትስ?» አልኩ። «ጆሮዋ አንዴ ትጥራ፣ ቢጫ ሆና ስትጠብቅ ደግሞ ሰው በአፉ ይድገም። ማሽኑ አንዴ ነው የጠራው፤ ሕግ አልፈረሰም። የደገመው ሰው ነው። ያኔ አፍዎ ይከፈታል?»

አሰቡበት። «እስቲ ከውጭ ሆነሽ ሞክሪኝ። ማሽኑን ሳትነኪ።»

ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። እስካሁን አልነገርኳችሁም እንጂ፣ በሕይወቴ የሰው ስም ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። ደረቴን ነፋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ «ሚኪያስ» አልኩ። እንደ ግልገል ነው የወጣው። እንደገና «ሚኪያስ» አልኩ። ትንሽ ተሻለ። እማማ ሜሮን ከደፋቸው ላይ ሆነው «ወይ ጉድ» ሲሉ ሰማኋቸው።

ስመለስ አባባ ሚኪያስ በሳቅ እንባቸው ወርዷል። «አይሆንም ልጄ። ድምፅሽን አላውቀውም። ጅብም የልጅ ድምፅ ያወጣል። አፌ የሚያምነው የወፍ ገደል ድምፅ ነው።»

«እዚህ ሰባተኛው ላይ ከወፍ ገደል ማን አለ?»

ግድግዳውን አዩ። ከግድግዳው ወዲያ ምስር ወንፊት ላይ ሲንሸዋሸው ይሰማል።

«እማማ ሜሮን? በጣም ጥሩ፣ እዚሁ ናቸው።»

«አታናግረኝም» አሉ። «በባሏ ለቅሶ ጊዜ ነው። ናሆም ሲያርፍ እኔ ታምሜ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፣ ነፍስ ይማር ብዬ በሽው ላክሁ። ከዚያ ወዲህ ኮሪደሩ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች።»

ወጣሁ። ፀሐይዋ ወደ ጦሳ ጫፍ ተጠግታለች፤ እዚህ ተራራው ሥር ቀኑ ከሌላው ሰፈር ቀድሞ ነው የሚያልቀው። አሥር ሰዓት ሩቅ አይደለም።

«እማማ፣ አባባ ሚኪያስን ይጥሩልኝ።»

«ማንን?»

«ሰምተዋል።»

«እኔ ሙት ነኝ» አሉ። «የገደልሽኝም አንቺ ነሽ። ሙት ሲጣራ የት አይተሻል?»

«ነገ ማሽን ካልተኙ እኮ...»

«ይሁና። ግድግዳ ነው የሚለየን። አንድ ግድግዳ። አርባ ዓመት አብረን የኖርን ሰዎች ነን። ባሌ ሬሳው ቤት ውስጥ ተዘርግቶ፣ እኔ አመድ ላይ ተቀምጬ፣ ይቺ ነጭ ቁልፍ ተነሥታ “ሚኪያስ ነፍስ ይማር ብሏል” ትለኛለች። ደግሞ አበባ አላት። በሩን ከፍቶ ሁለት እርምጃ መምጣት አቃተው?»

«ታመው ነበር።»

«እየዳኸ አይመጣም?»

እዚህ ላይ እኔ ክፉ ሆንኩ። ተናድጄም ነበር፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው። «እሺ» አልኳቸው፣ «ጥሩ። ሳምንት አባባ ሚኪያስ ሲያርፉ እርስዎ እንዴት ነው የሚያለቅሱት? በሽው እንዳይልኩ፣ ሙት ነዎት። ምናልባት ሁለት እርምጃ ሄደው በሩን ያንኳኩ ይሆናል። ያኔ ግን የሚከፍት የለም።»

እማማ ሜሮን ወንፊቱን መሬት ላይ አስቀመጡት። ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። አንድ ሁለት ሦስት ምስር ወለሉ ላይ ተንከባለለ። «እናትሽ ምንድን ነው የምታበላሽ?» አሉኝ። «በርበሬ ብቻ ነው?»

የአባባ ሚኪያስን በር ዘጋሁት፤ እሳቸው ከውስጥ፣ እኛ ከውጭ። እማማ ሜሮን ደረጃው ራስ ላይ ሄደው ቆሙ። ደረጃው ከሰባተኛ ፎቅ እስከ መሬት አንድ ጉድጓድ ነው። ለምን እዚያ እንደቆሙ አልገባኝም ነበር።

ማንቂያውን ተጫንኩ።

«ሚኪያስ» አለች ጆሮዋ።

ቢጫ።

ከውስጥ ድምፅ የለም። እማማ ሜሮን አፋቸውን ከፈቱ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ከፈቱ፣ እንደገና ትንፋሽ። ስንት ዓመት ስም ያልጠራ ጉሮሮ ነው። ቢጫዋ መርገብገብ ጀመረች፤ ይህ ማለት ስኳሩ ሟሙቶ ሊያልቅ ነው።

«እማማ» አልኩ።

ሁለት እጃቸውን አፋቸው ዳርና ዳር አደረጉ፣ ወደ ደረጃው ጉድጓድ ዞሩ።

«ሚኪያ—ስ ሆ—ይ።»

ፎቁ ተንቀጠቀጠ ብል ውሸት ነው፤ ግን ድምፁ ወደ ታች ወረደ፣ መሬት ነካ፣ ከሁሉም ፎቅ እየነጠረ ተመልሶ ወጣ። ገደል ሆነ። ለካ ለዚህ ነው እዚያ የቆሙት። ታች በሮች ሲከፈቱ ይሰማል።

«አንተ ሚኪያ—ስ ሆ—ይ።»

«አቤ—ት» አለ ከበሩ ወዲያ የሻከረ ድምፅ።

አረንጓዴ።

እኔ ኮሪደሩ ላይ እየዘለልኩ ነው። በሩ ተከፈተ፣ አባባ ሚኪያስ በባዶ እግራቸው በራቸው ላይ ቆመዋል፤ እጃቸው ከንፈራቸው ላይ ነው፣ ያ አፍ የእሳቸው መሆኑን እንደሚያረጋግጡ። ሁለቱ ተያዩ።

«ምን ፈለግሽ?» አሉ አባባ ሚኪያስ።

ወፍ ገደል ላይ ሕግ ነው አሉ፤ ሰው ጠርተሽ አቤት ካለሽ ጉዳይሽን መንገር አለብሽ፣ በከንቱ አይጠራም። እማማ ሜሮን ግን ጉዳይ አላዘጋጁም። ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ወንፊቱ አዩ።

«ሽንኩርት አለህ ወይ?» አሉ።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ምስር ነዋ፣ አታይም?»

«ሁለት ራስ አለኝ።»

«አንዱ ይበቃል» አሉና በአጠገባቸው አልፈው ቤቱ ውስጥ ገቡ፣ ትናንትም የገቡ ይመስል።

አሥር ሰዓት ላይ የአባባ ሚኪያስ ጆሮ «ነገ ጠዋት ተራዎ ነው፣ በጊዜ ይድረሱ» አለች። ተመላሽ አልሆነም። እኔ ግን ያን ጊዜ አራተኛ ፎቅ ነበርኩ። ከሰባተኛው ፎቅ የወጣውን ጩኸት የሰሙ ሽማግሌዎች ሁሉ ደረጃው ላይ ወጥተው ነበር፤ ማን ነው የጠራ፣ ማን ሞተ፣ ከብት ገደል ገባ ወይ እያሉ። አሠራሩን ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ እኔ የምጫን፣ እነሱ የሚጠራሩ ሆነ። ጆሮዋ «ሶስና» ትላለች፣ ከሁለተኛ ፎቅ አንዱ «ሶስና ሆይ» ይላል፣ ሶስና ከአምስተኛ «አቤት» ትላለች፣ «ያ የወሰድሽው መጥረቢያ የት ገባ» ይላታል። እሱ መጥረቢያ ከነገደሉ ከተቀበረ ቆይቷል። ወጣቶቹ በፍርሃት በራቸውን ቆልፈው ለፖሊስ በሽው ይልካሉ፤ ፎቁ ገና ስሙ ከጉድፍ ስላልጠራ መልእክታቸው በሙሉ ገለባ ገባ። ሽው የቀኑን ጥሪ ከመዝጋቱ በፊት ፎቁ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነበር። እኔ ራሴ በመጨረሻ የማላውቃቸውን ሰዎች ስም ደረጃው ላይ ሆኜ ዝም ብዬ እጠራ ነበር። ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ። በጣም ይጣፍጣል።

ቀይ የቀረችው አንዲት ጆሮ ናት፣ የእማማ ሜሮን። እሷን የሚያስነሣ የለም። ዳቧቸውን አባባ ሚኪያስ በራሳቸው ተራ ያመጡላቸዋል፣ እሳቸውም በመልስ «ደረቅ ነው» ይሏቸዋል።

በማግስቱ እትዬ ሶልያና ቆሎ አልያዙም። «ከላይ ጽፈውልኛል» አሉ። «አንድ ፎቅ ሙሉ ሙት በአንድ ከሰዓት ሲነሣ አይተው አያውቁም። አጭበርብረሽ መስሏቸው ጆሮዎቹ የሰሙትን ሁሉ አዳመጡ።»

«እና?»

«እና ወደዱት» አሉ። ሳይስቁ ነው ያሉት።

የመውደዳቸው ፍሬ ወሩ ሳይሞላ መጣ። እኔ አባባ ሚኪያስ ቤት ነበርኩ። ማሽን በተኙ ማግስት አመድማው ፊታቸው መልሶ ሰው ይሆናል፤ ያን ቀን እሄዳለሁ፣ እማማ ሜሮንም ምሳ እዚያ ይሠራሉ። ሦስታችንም ተቀምጠናል። አባባ ሚኪያስ ስለ አንድ የተሳሳተ ሽቦ ሲያወሩ ጆሮዋ ተነሣች።

«ውድ ደንበኛችን፣ ከእርስዎ ተምረናል። ከዛሬ ጀምሮ ሽው መጪውን መስከረም ሳይጠብቅ ደግሞ ይጠራል፣ በሚያውቁት ድምፅ። ይህ የመጀመሪያው ጥሪ ነው። ያልመለሰ እንደ ሙት ይቆጠራል።»

ቢጫ ሆነች። ከዚያ ማሩ ጠፋ።

«ሚኪያ—ስ ሆ—ይ።»

የእማማ ሜሮን ድምፅ ነበር። ያው ራሱ። መሻከሩም፣ ወደ ታች ወርዶ ነጥሮ መመለሱም አልቀረም።

«አንተ ሚኪያ—ስ ሆ—ይ።»

እማማ ሜሮን ግን እዚሁ ነበሩ፣ ከአጠገባቸው፣ ቢላና ሽንኩርት እንደያዙ፣ አፋቸው ዝግ። አባባ ሚኪያስ በሩን አዩ፣ እሳቸውን አዩ፣ መልሰው በሩን አዩ። ፊታቸው አመድ ሲሆን አየሁት። ቢጫዋ ልትረገበገብ ነው። ነገ ሌላ ተራ አላቸው።

«ጅቡ ተማረ» አሉ እማማ ሜሮን፣ ቀስ ብለው።

ከዚያ እማማ ሜሮን ቢላውን አስቀመጡ፣ ሽንኩርት በነካ እጃቸው የአባባ ሚኪያስን ክንድ ጥፍር እስኪያርፍበት ያዙት።

«በል መልስላት» አሉ። «ይዤሃለሁ። የትም አትወስድህም።»

አባባ ሚኪያስ አፋቸውን ከፈቱ። «አቤት» አሉ። አቤት ያሉት ግን ዓይናቸውን እማማ ሜሮን ላይ ተክለው ነው።

አረንጓዴ።

አባባ ሚኪያስ ግን አላቆሙም። ከነእብጠታቸው ተነሥተው፣ እማማ ሜሮን ክንዳቸው ላይ እንደተንጠለጠሉ፣ በሩ ሥር ሄደው ቀና አሉ።

«አቤት ብያለሁ» አሏት። «ምን ፈለግሽ?»

ጆሮዋ አረንጓዴዋን አጥፍታ ቢጫ ሆነች። እንደገና አረንጓዴ፣ እንደገና ቢጫ። ሽው ይህን ያህል ዓመት ያን ሁሉ ሰው ሲጠራ ማንም ጉዳዩን ጠይቆት አያውቅም።

«ጠርተሽን የለ?» አሉ እማማ ሜሮን። «ተናገሪያ።»

እኔም ተነሥቼ አጠገባቸው ቆምኩ። እየሳቅኩ ነው። ሦስታችን አንጋጠን እንጠብቃለን፤ እሷ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ትላለች።